ደብዳቤ ለልጄ፦ የእማማ ክኒን

ልጄ፣

በስልክ ብነግርህ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ከሐዋሳ እስክመለስ ዳሌያቸው የተሰበረውን እማማን የምታስታምመው አንተ ነህ። ሾርባውንና መኝታውን ሠራተኛዋ ታውቀዋለች። መድኃኒቱን ግን ላንተ ነው የምተወው፤ ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበት አልፈልግም።

የሕመም ማስታገሻ ክኒኑ አንድ ፍሬ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ 37.5 ሚሊ ግራም ትራማዶል ነው። ሁለተኛው የምታውቀው ፓራሲታሞል ነው፣ 325 ሚሊ ግራም። ትራማዶል ኦፒዮይድ ከሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ወገን ነው። ሞርፊንም፣ ፔቲዲንም፣ ኮዴይንም ዘመዶቹ ናቸው። ስሙን ሰምተህ አትደንግጥ፤ ግን አትናቀው።

ኦፒዮይዱ የሚሠራው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ማስታገሻዎች አሉ፤ እነሱ በሚያርፉበት ቦታ ላይ ሄዶ ያርፋል። ያኔ ከተሰበረው ዳሌ የሚመጣው የሕመም መልእክት ይደክማል። የሚጮኽ ስልክን ድምፅ እንደመቀነስ ነው፤ ደዋዩ ግን መደወሉን አላቆመም። ለዚህ ነው እማማ ክኒኑን በወሰዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ድኛለሁ» ብለው ያለ መደገፊያው ዎከር ሊነሱ የሚሞክሩት። አልዳኑም። ትራማዶል ከዘመዶቹ የሚለይበት ነገርም አለ፦ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የነርቭ ኬሚካሎች ከፍ ያደርጋል። ይሄ ለማስታገሱ ይረዳል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

ፓራሲታሞል በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። በትክክል እንዴት እንደሚሠራ አዋቂዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚሠሩ ሲጣመሩ ትንሽ ኦፒዮይድ ብዙ ያስታግሳል። የጥምር ክኒን ጥቅሙ ይሄ ነው። ችግሩ ደግሞ አንዱን ለይተህ መጨመር አለመቻልህ ነው። ሕመም በረታ ብለህ አንድ ፍሬ ስትጨምር ሁለቱንም ነው የጨመርከው። ጉበት የሚጎዳውም በዚህ ነው።

ሐኪሙ ያዘዘው በየ6 ሰዓቱ አንድ ፍሬ ነው። ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ስልክህ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ማንቂያውን ስትሞላ ተጠንቀቅ። ሌሊት 6 ላይ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሆነው ብታገኛቸው አትቀስቅሳቸው። አንዱ ፍሬ ቢያልፍ ግድ የለም፤ ይለፍ። ጠዋት ላይ ግን ያለፈውን ለማካካስ ሁለት አትስጥ።

በቀን 4 ፍሬ ማለት 1300 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የቀኑ ጣሪያ 4000 ነው፤ እንደ እማማ ለከሳና ምግብ ለማይበላ ሰው ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል። ሰፊ ቦታ ያለ ይመስልሃል። አሁን ጠያቂ ሲመጣ አስበው። እሑድ ከሥላሴ ቅዳሴ መልስ ቤቱ ይሞላል። ከፒያሳ ተነስተው ራቅ ብለው የሰፈሩት የድሮ ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ፤ ቦርሳቸው ደግሞ ባዶ አይደለም። አንዷ ታይሊኖል ትሰጣለች፤ ልጄ ከአሜሪካ የላከልኝ ነው ብላ። እሽጉ ላይ አሴታሚኖፊን ይላል። ያው ፓራሲታሞል ነው! 500 ሚሊ ግራም የሆነውን ሁለት ሁለቱን በቀን ሦስት ጊዜ ቢውጡ 3000 ነው። ከእኛ 1300 ጋር 4300 ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ጣሪያው ግን ታለፈ። የጉንፋን መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አለባቸው። ታይሊኖል ፒኤም የሚባለውማ የእንቅልፍ መድኃኒት ጨምሮበታል፤ ለአዛውንት ከኦፒዮይድ ጋር ሲሆን ጭንቅላት ያዞራል፣ ያደናግራል።

ጉበት ፓራሲታሞልን ሲያጣራ ከፊሉ መርዛማ ነገር ይሆናል። ጉበት ይህን የሚያከሽፍበት ስንቅ አለው፤ ግሉታታይዮን ይባላል። መጠኑ ሲበዛ ወይም ሰው ሳይበላ ሲከርም ስንቁ ያልቃል። እማማ ደግሞ ጾም አይፈታም ባይ ናቸው። የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» ብለዋቸዋል፤ እንዲህም ሆኖ እስከ 9 ሰዓት ሊቆዩ ይሞክራሉ። አትከራከራቸው። አጥሚቱን ከክኒኑ ጋር አቅርብላቸው፤ ለመድኃኒቱ ሲባል ይጠጡታል። ሆዳቸውንም ያቅለሸልሻቸው የነበረው ይቀንሳል።

በስህተት ብዙ ከዋጡ ምልክት አትጠብቅ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ደህና ይመስላል፤ ቢበዛ ያቅለሸልሸዋል። ጉበቱ ሲጎዳ የሚታየው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ማርከሻው አሲቲልሲስቲን ይባላል፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው አንደኛ የሚሠራው። ስለዚህ እሽጉን ይዘህ ጥቁር አንበሳ። መጀመሪያ እኔ ጋ አትደውል፤ መንገድ ላይ ሆነህ ደውልልኝ።

አሁን ወደ ኦፒዮይዱ። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአፍ መድረቅ፣ ማሳከክ፣ ማላብ ያለ ነገር ነው። አብዛኛውን ሰውነት በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ከሁሉ የምፈራው ማዞሩን ነው። ዳሌያቸው እንዲህ የሆነው ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው ነው። አሁን ደግሞ የሚያዞር መድኃኒት ላይ ናቸው። የኮሪደሩ መብራት አይጥፋ፤ ምንጣፉን ጠቅልዬ አንስቼዋለሁ፤ አትመልሰው። ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሽንት እምቢ ካላቸውም አትለፈው፣ ንገረኝ።

የማይለምደው የሆድ ድርቀቱን ነው። ኦፒዮይድ አንጀት ላይም ያርፋል፤ አንጀቱን ያዘገየዋል።  እማማ ይሄን ላንተ አይነግሩህም፤ ወንድ ልጅ ነህ፣ ያፍራሉ። ሠራተኛዋን ጠይቃት። ተልባው ጥሩ ነው፤ ያለ ብዙ ውሃ ከሆነ ግን ይባስ ይጠጥራል። ፓፓያም ስጣቸው። ተልባና ፓፓያ ብቻውን ግን ለዚህ መድኃኒት አይበቃውም። ማታ ማታ የምታየው ትንሿ ክኒን ሆድ ማለስለሻው ቢሳኮዲል ናት፤ አትዝለላት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራ ካልወጣቸው ደውልልኝ።

ትንሽ ግራ መጋባትም ሊኖር ይችላል። ቀኑን ከሌሊት ካምታቱ፣ የሌለ ሰው ካዩ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጥ ደውል። የአያትህን ፎቶ ማናገራቸውን ግን አትቁጠር፤ እሱ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሁለቴ አንብበው። ኦፒዮይድ ሲበዛ ሰው የሚሞተው መተንፈስ ረስቶ ነው። ተኝተው ሳለ ደረታቸውን እያየህ ለአንድ ደቂቃ ትንፋሻቸውን ቁጠር። ከ10 በታች ከሆነ፣ ወይም እንግዳ ማንኮራፋት ከሰማህ፣ ወይም ትከሻቸውን ነቅንቀህ መንቃት ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ 907 ደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። «ትራማዶል ይወስዳሉ» በላቸው። ሐኪም ቤት ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ ይሰጣል። ትራማዶልን ግን በከፊል ነው የሚያረክሰው፤ ስለዚህ አንዴ ነቁ ተብሎ ወዲያው ወደ ቤት አይመለስም።

ይሄ የሚመጣው በታዘዘው መጠን ብዙም አይደለም። ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው። ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ለእንቅልፍ የሚወስዱትን ዲያዜፓም «ግማሿን ይቅመሱ» ማለታቸው አይቀርም። ትንፋሽ የሚያዘገዩ ሁለት መድኃኒቶች ተደረቡ ማለት ነው። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም አይሆንም፤ ከትራማዶል ጋር ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ያወጣል፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥም ሊያመጣ ይችላል። አጎትህ ደግሞ «ለደም ዝውውር» ብሎ አረቄ ይዞ ከመጣ እሱኑ አጠጣው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያሰበው ኮዴይን ከፓራሲታሞል ጋር የተጣመረውን ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ኮዴይን ብቻውን ደካማ ነው፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚያስታግሰው። አንዳንድ ሰው ኢንዛይሙ ስለሌለው ቢውጠውም አይሰማውም። አንዳንዱ ደግሞ የዘረመሉ ቅጂ ስለሚበዛበት በፍጥነት ይቀይረዋል፤ ትንሽ ክኒን ውጦ ብዙ ሞርፊን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። አውሮፓ ሰሜኑ ላይ ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። እንግዲህ እሽጉ ላይ የተጻፈው መጠን ለማን ተለክቶ እንደተጻፈ አስበው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። ለዚህ ነው በትንሹ ጀምረን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አጠገባቸው የተቀመጥኩት።

እህትህ ሕፃኑን ይዛ ስትመጣ ራሴን አመመኝ ብላ ከዚህ እሽግ እንዳታነሳ። ታጠባለች። ኮዴይንም ትራማዶልም በጡት ወተት ያልፋል፤ እናትየው ከፈጣኖቹ ከሆነች ልጁ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም ያለው ለዚህ ነው። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም ጭራሽ ከልክሎታል። ለእሷ ፓራሲታሞል ብቻውን ይበቃታል፤ መሳቢያው ውስጥ አለ።

አክስትህ ከዋሽንግተን ስትመጣ ከራሷ ኦፕራሲዮን የተረፋትን ፔርኮሴት አምጥታ ነበር። ኦክሲኮዶንና ፓራሲታሞል ነው፤ ከእማማ ክኒን በብዙ ይበረታል። ቫይኮዲን የሚሉትም ሃይድሮኮዶንና ፓራሲታሞል ነው። ድሮ በአንድ ፍሬ 500፣ 750 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ያለባቸው ነበሩ። የአሜሪካው ባለሥልጣን በጉበት ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ325 እንዳይበልጥ ጠይቆ ነው የወረደው። ቆልፌበታለሁ። እማማ በጣም ቢያቃስቱ እንኳ ቁልፉን አትፈልግ፤ ለሐኪሙ ደውል።

ብዙ አስፈራራሁህ መሰለኝ። ተቃራኒው ስህተትም አለና እሱንም ልንገርህ። እማማ «ቻል አድርጌ ልደር፣ ሱስ ያስይዘኛል» ይላሉ። እኛ ሀገር ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔ አልስማማም። የሚያመው ሰው ጠልቆ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሳም። በእሳቸው ዕድሜ ሳንባ ምች የሚመጣው፣ እግር ውስጥ ደም የሚረጋው እንዲህ ነው። ዎከር ይዘው እስከ በረንዳው የሚሄዱት ክኒኑ ስላለ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ጠብቀህ ስጥ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከመምጣቱ አንድ ሰዓት ቀድመው ቢውጡ ጥሩ ነው።

ሱስ ያሉትን በተመለከተ፦ ሳምንታት ሲቆይ ሰውነት ይለምደዋል። በድንገት ቢቆም ያልባቸዋል፣ ይረበሻሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ሆዳቸው ይለቃል። ያ መድኃኒቱን ከማሳደድ ይለያል። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይቀንሰዋል፤ እኛ በራሳችን አንቀንስም።

አንተም እንግዲህ። ከጂም ስትመጣ ወገቤን ትላለህ። አንዳንድ ወጣት ትራማዶልን ለድካም፣ ለፈተና ማደሪያ ብሎ እንደሚውጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ አይቻለሁ፤ ሳያስበው በመንቀጥቀጥ የወደቀም አውቃለሁ። አንተ እንዲህ ታደርጋለህ አላልኩም። ግን ክኒኖቹን ቆጥሬ ነው የሄድኩት፤ ቀን በቀን የሰጠኸውን ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ከነሰዓቱ ምልክት አድርግ። ወረቀቱን ሐኪሙም ያየዋል።

ክኒኑ ከማለቁ በፊት መሳቢያው ውስጥ ያለውን ማዘዣ ይዘህ ከነማ መድኃኒት ቤት ሂድ፤ ያለ ማዘዣ አይሰጡህም። ሌላ ስም ያለበት እሽግ ከሰጡህ ውስጡ ያው 37.5 እና 325 መሆኑን አይተህ ተቀበል። የቀረውን ለማንም አትስጥ፣ ሽንት ቤትም አትድፋ። ስመጣ እኔ ወስጄ አስወግደዋለሁ።

እናትህ