የእሷን ስም ግን ጻፊልኝ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ሰባት ዓመት ጠፍቶ እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሌላ መጀመሪያ ግን አጣሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይኼኛውን እጨርሰዋለሁ።

ዕቃ ሳስተካክል ካርቶን ውስጥ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለፈተና ብለን በጥድፊያ ያነበብነው፣ የናታንየል ሃውቶርን "ቀዩ ፊደል" ነው። በጠርዙ ላይ በእርሳስ የጫርሽው ሁሉ አለ። ስለ ባለታሪኳ ስለ ሄስተር ፕሪን የተከራከርነው ትዝ ይልሻል? እኔ "ለምን የልጇን አባት ስም አትናገርም? ለምን ብቻዋን ትቀጣለች?" እያልኩ ተናደድኩ። አንቺ ደግሞ "ሁሉን ወስደውባታል፤ ያን ስም ግን ከእሷ አይወስዱትም" አልሽኝ። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሦስት ሌሊት አምሽቼ ደግሜ አነበብኩት።

ታሪኩ የሚጀምረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1640ዎቹ፣ አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ነው። ከተማውን የሚገዙት ፒዩሪታኖች፣ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ እንግሊዝ ውስጥ በእምነታቸው ተገፍተው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። የተገፋ ሰው ሌላውን የሚገፋ አይመስልም ነበር። እነሱ ግን ኃጢአትንና ወንጀልን አንድ አደረጉት። ልብ ወለድ ብቻ አይምሰልሽ። በማሳቹሴትስ ሕግ ዝሙት በሞት ያስቀጣ ነበር። በ1644 እዚያው ቦስተን ውስጥ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ወንድ በዚሁ ክስ ተገድለዋል። እንግዲህ ለሄስተር የተፈረደባት እንደ ምሕረት ነው የተቆጠረው። ሦስት ወር የሆናትን ሕፃን ታቅፋ ሦስት ሰዓት ሕዝብ ፊት መድረክ ላይ መቆም፤ ከዚያ ደረቷ ላይ የዝሙት ምልክት የሆነ ቀይ ፊደል ለጥፋ ዕድሜ ልኳን መኖር።

ከእስር ቤቱ ስትወጣ ግን አየሻት? ሹሙ ትከሻዋን ይዞ ሊያወጣት ሲል እጁን ገፋ አድርጋ፣ በራሷ ፈቃድ እንደምትወጣ ሰው ሆና ወጣች። የሀፍረት ምልክት ልበሺ አሏት። እሷ በወርቅ ክር ጠልፋ አሳምራ ለበሰችው። ስድብ አልመለሰችም፤ አልጮኸችም። ጥልፏ ነው የተናገረላት። የልጅሽን አባት ስም ተናገሪ ብለው ሲያስጨንቋት "በፍጹም" አለች።

ከዚያ በኋላ ከከተማው ዳር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሰው ጥሎት በሄደ ጎጆ ብቻዋን ልጇን አሳደገች። የኖረችው በመርፌዋ ነው። የገዢው አንገትጌ የእሷ ጥልፍ ነው። የሕፃናት ልብስ፣ የሬሳ ልብስ እሷ ትሠራለች። ለሙሽራ ዐይነ ርግብ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራችም። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። እጇን ይፈልጉታል፤ እሷን አይፈልጓትም። ልጇን ፐርልን ሊወስዱባት ሲያስቡ ደግሞ ያቺ ዝምተኛ ሴት ገዢው ቤት ገብታ እሞታለሁ እንጂ አልሰጥም ብላ ተሟገተች።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም ያስቆጣኛል። ጫካ ውስጥ ፊደሉን ከደረቷ ነቅላ ወረወረችው። ጸጉሯን ለቀቀችው፤ ፀሐይ ወጣላት። ልጇ ግን ከወንዙ ማዶ ቆማ፣ ፊደሉን መልሳ ካላደረገች አልሻገርም አለች። ሰባት ዓመት ተሸክማው ያረፈችው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለምን አላስረዘመላትም?

ደራሲውን ግን ይቅር አልኩት። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በ1692 ሴለም ላይ በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ሃውቶርን መጽሐፉን በ1850 ሲያወጣ የአያቶቹን ሀፍረት በራሱ ላይ እንደሚቀበል መግቢያው ላይ ጻፈ። እሱ ላልሠራው ነገር ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የሠራሁት አለኝ።

ሄስተር ስትወጣ ደጅ ላይ የቆሙትን ሴቶች አስታውሺ። አንዷ ግንባሯ ላይ በጋለ ብረት ይተኮስ ትላለች። ሌላዋ ሞት ይገባታል ትላለች። ልጇን በእጇ የያዘች አንዲት ወጣት ብቻ ናት የራራችላት፤ ፊደሉን ብትሸፍነውም ሕመሙ ልቧ ውስጥ ነው ያለችው። ከሰባት ዓመት በኋላ እነዚያው ሴቶች ሊያፈጡባት ይመጣሉ። ያቺ ወጣት የለችም። ሞታለች። የመቀበሪያ ልብሷን የሰፋችላት ሄስተር ናት። መጽሐፉ ይህን የሚለው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ስንማር አላየሁትም ነበር።

እህቴ፣ እኔ ያቺን ወጣት አልሆንኩልሽም። ያን ቀን ስምሽ ሲነሳ ቡናው ላይ ነበርኩ። አቦሉ ላይ ጀመሩ፤ እስከ በረካው ቀጠሉ። "አባቱ ማን ይሆን?" አሉ። ከዚያ የባሰም አሉ። አንቺ ለማንም አልነገርሽም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም ነበር። እኔ ስኒዬን እየመለስኩ ቡናው ጥሩ ነው አልኩ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ከዚያ ስትደውዪልኝ አላነሳሁም። አራስ ጥየቃም አልመጣሁም። ማን ገንፎ እንዳገነፋልሽ፣ ማን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንዳለሽ አላውቅም። ሴት ልጅ መውለድሽን የሰማሁት ከሰው ነው።

ስሙን የደበቀችለት የልጇ አባት ቄስ ዲምስዴል ማንም በሌለበት በጨለማ ያን መድረክ ይወጣል። ፐርል "ነገ በቀን ከእናቴና ከእኔ ጋር ትቆማለህ?" ስትለው ነገ አይሆንም ይላታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለአንቺ በማታ ደብዳቤ ጽፌ ብቻ መተኛት አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ እነዚያው ሴቶች ቡና ላይ ነበሩ። ያን ቀን ያወራችሁት ግፍ ነው፣ ዝም ያልኩት እኔም በደልኳት አልኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማንም አልመለሰልኝም። አንዷ ብቻ ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ።

ይቅር በዪኝ ለማለት ነው የጻፍኩት። ዛሬውኑ መልሺልኝ አልልም። ልጅሽ እንደ ፐርል ሰባት ዓመት ሞልቷታል። የአባቷን ስም አልጠይቅሽም። የእሷን ስም ግን ጻፊልኝ።

እህትሽ