ስለ ጠገራ ብርና ስለ ምኒልክ ብር ማስመሰያዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሐረሪ ክልል ባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ
ሐረር

ጉዳዩ፦ አስመስለው የተሠሩ አሮጌ ገንዘቦች ምልክት ተደርጎባቸው እንዲሸጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በጀጎል ውስጥ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት፣ ድሬዳዋ ለሚኖረው የወንድሜ ልጅ የሠርግ ስጦታ ይሆናል ብዬ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም ሳልርቅ ጨርቅ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አንድ የምኒልክ ብር ገዛሁ። ሻጩ ከአያቱ ሣጥን የወጣ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም ጥቁረቱን አይቼ አመንኩት። ቤት ገብቼ በአውራ ጣቴ ሳሸው ግን ጣቴ ጠቆረ፤ ባሸተው የጫማ ቀለም ነው። ብር ሠሪው ጎረቤቴ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው 22 ግራም ሆነ፤ ጠርዙን በጥፍሩ ከዳሰሰ በኋላም «መምህር፣ ይሄ እኮ ፈሰሰ እንጂ አልተመታም» አለኝ።

አባባሉ አጭር ቢሆንም የነገሩን ሥር ይዟል። 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ፓሪስ ውስጥ መመታት የጀመረው የምኒልክ ብር፣ ከጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ምስል ካለበት ገንዘብ) ጋር እኩል እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከመቶ 83 ተኩል እጁም ንጹሕ ብር ነው። በብርቱ ኃይል ስለተመታ የአንበሳው ጋማ እጥፋቱ ይለያል፣ የፊደላቱም ጫፍ ስለት አለው። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ግን ፊቱ የተነከረ ሳሙና ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የአየር ቀዳዳዎች ይታዩበታል፣ ጠርዙም ላይ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት መስመር በሞረድ ተሞርዶ ይገኛል። ክብደቱን አስተካክሎ የሚሠራ ብልህ አስመሳይ እንኳ ውኃ ያጋልጠዋል። ውኃ ያለበት ብርጭቆ ትንሽ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ዜሮ ከተደረገ በኋላ፣ ገንዘቡ በክር ታስሮ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ ቢንጠለጠል፣ ሚዛኑ ለእውነተኛው 2.75 ግራም ገደማ ያነባል፤ እኩል ክብደት ያለው ናስ ግን ብዙ ውኃ ስለሚገፋ ከ3.2 በላይ ያሳያል።

የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል፤ እንደ እኔ አስተያየት በከተማችን ትልቁ ማታለልም ያለው እዚያ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ብር ነው፤ ውሸቱ ዕድሜው ላይ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል፤ ቪየና ውስጥ ዛሬም ይመታል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም መምታት ጀመረች፣ ለንደንም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ስለዚህ «ዓመተ ምሕረቱን ተመልከት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚል ሻጭ ያሳየው ቁጥር ምንም አያረጋግጥም። አያቶቻችን በገንዘቡ ምስል ላይ የሚታዩትን የንግሥቲቱን ዕንቁዎች እየቆጠሩ ይቀበሉ የነበረው ገንዘቡ እንዳይጎድልባቸው እንጂ ዕድሜውን ለማወቅ አልነበረም።

እንግዲህ ልመናዬ ሻጮቹ ይባረሩ የሚል አይደለም። ማስመሰያ ሠርቶ ማስመሰያ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው የእጅ ሙያተኛ ነው፤ ደግሞም ከእነርሱ አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። የምጠይቀው፣ ቢሮው ከሻጮቹና ከብር ሠሪዎቹ ጋር ተመካክሮ፣ አዲስ የሚሠራ ማስመሰያ ሁሉ በጠርዙ ላይ «ማስመሰያ» የሚል ቃል እንዲቀረጽበት፣ ሻጩም የሸጠውን ነገር ምንነትና ክብደት የሚገልጽ ደረሰኝ እንዲሰጥ እንዲያደርግ ነው። ይህ ለእንግዶችም ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣምና፣ ምልክት የሌለው ማስመሰያ የያዘ መንገደኛ ፍተሻ ላይ በከንቱ ሊጉላላ ይችላል፤ እውነተኛውን የያዘውም ማስመሰያ ነው ብሎ ሊያመልጥ ይችላል።

ከዚህ ሌላ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሙዚየም ፈቃዱ ከሆነ፣ አንድ ሚዛንና ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ እውነተኛ ብር ለሕዝብ ክፍት ሆነው ቢቀመጡ ወጪው ትንሽ ነው። የሐረር አሚሮች ያስመቱትን መሐለቅ የሚባል ገንዘብ የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ እያነሰ ስለሆነ፣ መሐለቁም አብሮ ቢታይ ደስ ይለኛል፤ ትንሽና ቀላል በመሆኑ ሚዛን ብቻውን አይበቃውም፣ ዓይን የለመደ ሰው ያስፈልገዋል።

ለወንድሜ ልጅ ሌላ ስጦታ ሰጥቻለሁ። 22 ግራም የመዘነውን ብር ግን በፖስታ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቢሮው ልኬያለሁ፤ የሻጮቹ ስብሰባ የሚጠራ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጀጎል ነዋሪ