ለአምበሌ፣ ስለ አንድ ጣት

ሚያዝያ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሚኒሶታ

አምበሌ፣

እንዴት ነህ? ቤት ሁሉ ደህና? እማማስ በርትተዋል? ፋሲካውን እንኳን አደረሰህ ሳልልህ አለፈ። መጥፋቴን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ስልክ አለመደወል ሰበብ የለውም። ይቅር በለኝ። ሰበብ ብደረድርም አንተው ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ይለፈን።

ዛሬ የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። እዚህ ይሄን ነገር የማዋየው ሰው የለኝም። ቢኖርም ካንተ በቀር የሚገባው ያለ አይመስለኝም።

ስለ አንድ ልጅ ነው።

አሁንም እዚያው ኮሌጅ ነኝ፤ የቡድኑ ቪዲዮ ክፍል። ልምምዱንም ጨዋታውንም እቀርጻለሁ፤ ማታ ቁጭ ብዬ እየቆራረጥኩ ለአሰልጣኞቹ አዘጋጃለሁ። አዎ፣ ያንን አንተ «እግር ኳስ ብለው በእጅ ይጫወቱታል» እያልክ የምትበሽቅበትን የአሜሪካ ፉትቦል። ቁጭ ብለህ ብታየው ግን ከእኔ ብሰህ ትወደው ነበር። እመነኝ።

ልጁ ዋይድ ሪሲቨር ነው። ክንፍ በለው። መስመሩ ዳር ይቆማል፤ ፊት ለፊቱ ተከላካይ አለ። ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ያንን ሰው አታሎ ማምለጥ አለበት፤ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሌሎቹ ልጆች ሊታጠፉ ሲሉ ያስታውቃሉ። እርምጃቸው ያጥራል፣ ትከሻቸው ቀና ይላል። እሱ አያስታውቅም። በዚያው ፍጥነት እየሮጠ ተከላካዩ ወገቡን እስኪያዞር ይጠብቅና በሌላው በኩል ይታጠፋል። ያቺ ያንተ ነገር! መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቪዲዮውን አቁሜ ብዙ ቆየሁ። ሰፈራችን ሜዳ ላይ አቧራው ሲነሳ ታየኝ።

ደግሞ እጁ። ኳስ ከኋላው በትከሻው በኩል ሲመጣ እጁን ቶሎ አያነሳም። ፊቱን ያዞረ ተከላካይ ኳሱን አያይም፤ የሚያየው የሪሲቨሩን ዓይንና እጅ ነው። እጅ ሲነሳ ያኔ የራሱን እጅ ሰዶ ያስጥላል። ይሄ ልጅ ኳሱ አንድ ክንድ እስኪቀረው ድረስ ምንም እንዳልመጣ ሆኖ ይሮጣል። ከዚያ እጁ ብቅ ይላል። ደረቱ ላይም አይደግፍም፤ በጣቶቹ ነው የሚይዘው። ጣቱን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የፊታችን ሐሙስ ድራፍቱ፣ የትልቁ ሊግ (NFL) ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት፣ ይጀመራል። ዘንድሮ ፒትስበርግ ነው። 32 ቡድኖች በ3 ቀን፣ በ7 ዙር፣ ከ250 በላይ የኮሌጅ ልጆች ይመርጣሉ። የእኛ ልጅ ስሙ ከተጠራ የሚጠራው ቅዳሜ፣ መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ነው። ካልተጠራ ስልኩን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ድራፍቱ እንዳለቀ ቡድኖቹ ያልተመረጡትን እየደወሉ ያስፈርማሉና። በዚያ የገባ ሰው ግን አንድ ልምምድ ከተበላሸበት ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።

በየካቲት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን የሚባል ትልቅ ፈተና አለ። ከ300 በላይ ልጆች ይጠራሉ፤ የእኛን አልጠሩትም። ትንሽ ኮሌጅ ነን። ስለዚህ ስካውቶቹ፣ የቡድኖቹ ተጫዋች መልማዮች፣ በመጋቢት እኛ ዘንድ መጡ። 40 ያርድ አስሮጡት፤ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሰዓት ይዘው ቆመዋል። አንዱ 4.59 ሰከንድ ያዘ፣ ሌላው 4.64። ምንም ሳይሉ ጻፉ።

ሰዓቱ አላስደነገጠኝም። በፈረንጆቹ 2017 ጆን ሮስ የሚባል ልጅ ኮምባይኑ ላይ 4.22 ሮጠ፤ ያኔ ሪከርድ ነበር። 9ኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ድራፍት ኩፐር ከፕ ከኢስተርን ዋሽንግተን መጥቶ፣ 4.62 ሮጦ፣ 69ኛ ተጠራ። ሮስ የታሰበውን ያህል ሳይሆን ቀረ። ከፕ በፈረንጆቹ 2021 የውድድር ዘመን በያዛቸው ኳሶች 1,947 ያርድ ሄዶ ሊጉን መራ፤ የፍጻሜው ጨዋታ የሱፐር ቦውሉም ኮከብ እሱ ሆነ። ጄሪ ራይስ እንኳ፣ ብዙ ሰው የምንጊዜም ምርጥ የሚለው፣ በፈረንጆቹ 1985 የተመረጠው 16ኛ ነው፤ ሁለት ሪሲቨሮች ቀድመውታል። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። ጡብ ሲወረወርለት እየቀለበ ነው ያደገው። ሰዓት እግርን ይለካል፤ ተከላካዩ የሚሸወድባትን ቅጽበት አይለካም። ይሄን ላንተ መንገር አያስፈልግም፤ አንተም በሰዓት ብትለካ ማን ያሰልፍህ ነበር?

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጨዋታ ነበረን። የእኛ ኳርተርባክ የወረወረው ኳስ ተጠለፈ። ልጁ ጠላፊውን ከኋላ ደርሶ ማሊያውን በአንድ እጁ ጨመደደው። ሰውዬው መነጨቀ። ልጁ ወደቀና ተነሳ፤ እጁን አራገፈ። ማንም አላየም። እኔ ማታ ስቆርጥ አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። በነጋታው ልምምድ ላይ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በፕላስተር አንድ ላይ ታስረዋል።

ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በሩን ዘጋና እጁን አሳየኝ። ጨብጥ ስለው አራቱ ታጠፉ፤ የቀለበት ጣቱ ጫፍ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ጅማቱ ነው። ማሊያ ሲይዙ የሚመጣ የታወቀ ጉዳት ነው፤ ቶሎ ካልታከመ ማስተካከሉ ይከብዳል። «ከተናገርክ ዓመቱ አለቀብኝ፤ የመጨረሻ ዓመቴ ነው» አለኝ። እንባው ዓይኑ ላይ ነበር። እሺ አልኩት።

በጥቅምት በሁለት ጨዋታ አራት ኳስ ጣለ። ያ ልጅ! ከዚያ በኋላ አያያዙን ቀየረ። በጣቱ መያዙን ትቶ በመዳፉ አጥብቆ መያዝ ጀመረ፣ አንዳንዴም ደረቱ ላይ እየደገፈ። የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚለየው።

በመጋቢት ስካውቶቹ መዳፉን ለኩት። ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ይለካል፤ ለሪሲቨር ትልቅ ነገር ነው። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ። ጣቱ ሲዘረጋ ደህና ይመስላል። ሲጨበጥ ነው የማይታጠፈው። ጨብጥ ያለው ሰው አልነበረም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ በካሜራው ውስጥ አየሁት።

አሁን እንግዲህ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ስካውት ብቻውን ተመልሶ መጣ። ደህና ሰው ነው፤ ጸጥ ያለ። ቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ አየ። እነዚህ ሰዎች ስለ አንድ ልጅ አሰልጣኙን ብቻ አይጠይቁም፤ ወጌሻውን፣ ማሊያ የሚያጥበውን፣ አስተማሪውን፣ ቪዲዮ የሚቆርጠውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ጥቅምት ላይ ሲደርስ አስቆመኝ። «እዚህ ጋ ምን ነካው?» አለ።

«ብርዱ ይሆናል» አልኩት።

ዋሸሁ፣ አምበሌ። ዓይኑን እያየሁ። እሱም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አውቃለሁ፤ «ይጥላል» ነው። እጁ የማይታመን ሪሲቨር በሰባተኛው ዙርም የሚያነሳው የለም። እውነቱን ብናገር ኳሱ ለምን እንደወደቀ ያውቃሉ፤ ግን ጉዳት የደበቀ ልጅ ይሆናል፣ ሐኪሞቻቸውም ስሙን ሊሰርዙት ይችላሉ። ዝም ብል ደግሞ እንደዚሁ ሄዶ ጣቱን ለዕድሜ ልክ ያጣዋል። ሰውዬው ሰኞ ደግሜ እደውላለሁ ብሏል።

የምጽፍልህ ለምን እንደሆነ ገባህ አይደል?

እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያን ጠዋት መልበሻ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰው እንዳይገባ ስጠብቅልህ፣ አንተ ውስጥ ጉልበትህን ስትጠቀልል፤ አሰልጣኙ መጥቶ «ልጁ ደህና ነው?» ሲለኝ፤ «ደህና ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ለምነኸኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ፋሻው ስር ምን ያህል እንዳበጠ አይቼው ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ከአራት ዓመት በፊት በስልክ «ደረጃ መውጣት አቃተኝ» ብለህ ወሬህን የቀጠልክ ቀን፣ እኔ የቀጠለውን አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ስልኩን አንስቼ ቁጥርህ ላይ ስደርስ እጄ እንቢ ይለኛል። የጠፋሁት በዚህ ነው። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ንገረኝ። ያን ጠዋት ቃሌን አፍርሼ ብናገርብህ ኖሮ፣ ዛሬ ምን ትለኝ ነበር? ለእኔ ብለህ አታለስልሰው። ነገ ልጁን አገኘዋለሁ፤ ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ ልለው አስቤያለሁ። እንቢ ካለኝስ? እዚህ ላይ ነው የምቆመው።

እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልልሃለሁ፤ በናንተ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ቁጥርህ ያው ከሆነ አንሳልኝ። ተቀይመህም ከሆነ አንስተህ ስደበኝ።

አንዲት አጭር ቪዲዮ አብሬ ልኬልሃለሁ። ከጉዳቱ በፊት ያለች ናት፤ አሥር ሰከንድ አትሞላም። ጣቱን አሁን ተወው። መጀመሪያ እግሩን እይልኝ።

ያንተው የግራ ክንፍ