«ደም ለግሱ» ከማለታችን በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ደም ለመለገስ ለምን እንደሚያመነቱ ሲነሳ፣ አንዳንድ ወገኖቻችን «ግድ የላቸውም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ፍርድ በጣም ያሳዝነኛል።

ዶክተር ቻርለስ ድሩ እዚሁ ዲሲ የተወለዱ ጥቁር ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 ለእንግሊዝ የደም ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) የማሰባሰቡን ሥራ የመሩት እሳቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለጦሩ ደም ሲያሰባስብ የጥቁሮችን ደም አልቀበልም አለ። በ1942 መቀበል ሲጀምርም ከነጮቹ ለይቶ ነበር የሚያስቀምጠው። ይህ የቀረው በ1950 ነው። በዚያ ላይ በአላባማ ግዛት የተፈጸመው የተስኪጊ ግፍ አለ። ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ እስከ 1972 ለጥናት ተያዙ። ይህን ከአያቱ እየሰማ ያደገ ሰው መርፌ ሲያይ ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ደሙ ግን በጣም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ያለባቸው ሰዎች ወደ 100 ሺህ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ብዙዎቹ ደጋግመው ደም ይወስዳሉ። ለእነሱ የደሙ ዓይነት ኤ፣ ቢ ወይም ኦ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ሌሎች ብዙ መለያዎች አሉ። እነሱ ካልገጠሙ ሰውነታቸው የተሰጠውን ደም ሊዋጋው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚስማማ ደም ማግኘት የባሰ ይከብዳል። የሚገጥመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዘር ሐረጉ ከሚቀራረብ ለጋሽ ነው። ቀይ መስቀል ራሱ እንደሚለው፣ ከሦስት ጥቁር ለጋሾች የአንዱ ደም ለእነዚህ ታማሚዎች ይስማማል።

ስለዚህ ደም አሰባሳቢዎች ፖስተር ለጥፈው አይጠብቁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ጥቁሮች በብዛት ወደሚማሩበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሂዱ። ያለፈውን በደል ቀድመው እነሱ ያንሱት። ልጇ በዚህ በሽታ የሚሰቃይባት እናት ትናገር። ዘረ መሉን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰና ራሱ ያልታመመ ሰው ደም መለገስ እንደሚችልም ይንገሩ፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያንስ? ወባ ካለበት አገር የመጣ ሰው የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ያ ጊዜ ካለፈን ቆይቷል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችንም አድገዋል። ጤነኛ ሰው በ56 ቀን አንዴ ደም መስጠት ይችላል። የየደብራችን ሰበካ ጉባኤ በሰፈሩ ካለ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተነጋግሮ አንድ ቅዳሜ ቢያዘጋጅ ደስ ይለኛል። አዳራሽ አለን፤ ቡናውንም እኛ እናፈላለን።

አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ