በደም ማዘዣው ላይ ሳይጻፍ የሚቀረው መስመር

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ደም ልገሳ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚያበቁት ለጋሹ ክንዱን አጥፎ ከአልጋው ሲነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ ታካሚዎችን የሚጎዳው የደም እጥረት ብቻ አይደለም። ሐኪሙ የሚያውቀው፣ ደም ባንኩ ግን ያልሰማው አንድ መረጃም ይጎዳቸዋል። ታካሚው ተራ ደም ይበቃዋል ወይስ ልዩ ዝግጅት የተደረገለት ያስፈልገዋል? በደምና በሴል ሕክምና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚህ ነው።

ከለጋሹ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ደም በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ በየክፍሉ ይለያል። ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ እንደ ማቆያ ፈሳሹ ዓይነት እስከ 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል፤ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ በረዶ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ ያለማቋረጥ በሚያወዛውዝ መደርደሪያ ላይ፣ በተለምዶ ለ5 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ከቀይ ሕዋስ ጋር በአንድ ቀዝቃዛ ሳጥን ተጭኖ ዋርድ ከደረሰ፣ ወይም ተረኛው "እስኪሰጥ ድረስ" ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባው ቅርጹ ይለወጣል፤ ወደ ታካሚው ደም ሲገባም በፍጥነት ይወገዳል። መቅኔው በኬሞቴራፒ የደከመ፣ ፕሌትሌቱ በማይክሮ ሊትር ከ10,000 በታች የወረደ ሰው ተሰጠው ይባላል እንጂ ያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ፕሌትሌት የሚቀመጥበት ሙቀት ለባክቴሪያም ይመቻል። ስለዚህ ፕሌትሌት እየተሰጠው ያለ ታካሚ ካተኮሰውና ከተንዘፈዘፈ ነገሩ በትኩሳት ማብረጃ አይታለፍም። ከረጢቱ ወዲያው ይቆማል፤ የደም ሥሩ በአዲስ ቱቦ በሳላይን (በጨው ውሃ) ክፍት ይደረጋል፤ በከረጢቱ ላይ ያለው መለያ ከታካሚው ማንነት ጋር እንደገና ይመሳከራል፤ ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆን ደም ከታካሚው ይወሰዳል፤ ከረጢቱም ከነቱቦው ወደ ደም ባንክ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጨረሻው ነገር ነው። ከረጢቱ ቆሻሻ መጣያ ከገባ ከዚያው ለጋሽ የተዘጋጁትን ሌሎች ከረጢቶች በጊዜ ለማስቆም አስቸጋሪ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ደሙ ለታካሚው ከመሰጠቱ በፊት የሚደረግበት የጨረር ጉዳይ ነው። ቤተሰብ ሲጨነቅ "የሥጋ ዘመዱ ደም ይሻለዋል" ይላል። ፍቅር ነው፣ ይገባናል፤ ነገር ግን የዘመድ ደም ጨረር ካልተደረገበት ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በከረጢቱ ውስጥ ሕያው የሆኑ ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም የለጋሹ የመከላከያ ሕዋሳት፣ አሉ። የተቀባዩ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ መሆናቸውን አውቆ ያጠፋቸዋል። የማያጠፋቸው የራሱ መከላከያ ሲዳከም፣ ወይም የለጋሹ የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ከእሱ ጋር ተቀራርቦ ባዕድ መሆናቸው ሲያመልጠው ነው። ይህ መቀራረብ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል ይበዛል። ያን ጊዜ የለጋሹ ሕዋሳት ተደላድለው ተቀምጠው የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበት፣ አንጀትና መቅኔ ያጠቃሉ። ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሽፍታና ተቅማጥ ይመጣል፤ የደም ሕዋሳት ቁጥር ይወድቃል። ይህ ከደረሰባቸው 100 ታካሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ።

መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢቱ 25 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል ጨረር ያገኛል፤ በማሽኑ ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ሊምፎሳይቶቹ መባዛት ያቆማሉ፣ ደሙም ሬዲዮአክቲቭ አይሆንም። ነጭ ሕዋስ የሚያጣራው ፊልተር ትኩሳትንና አንዳንድ ቫይረሶችን ይቀንሳል እንጂ ጨረርን አይተካም፤ ይህን ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። በረዶ የሆነ ፕላዝማ ጨረር አያስፈልገውም፣ ቀይ ሕዋስና ፕሌትሌት ግን ያስፈልጋቸዋል። የሚያስፈልገውም የመቅኔ ወይም የስቴም ሴል (ደም የሚያመነጩ እናት ሕዋሳት) ንቅለ ተከላ ላደረገ፣ ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ለያዘው፣ ፍሉዳራቢንና መሰል የደም ካንሰር መድኃኒቶችን ለወሰደ፣ ከውልደት ጀምሮ የቲ ሴል (የሊምፎሳይት ዓይነት) መከላከያ ለጎደለው ሕፃን፣ በማህፀን ውስጥ ደም ለሚሰጠው ጽንስ፣ እንዲሁም ከሥጋ ዘመዱ ደም ለሚቀበል ሰው ሁሉ ነው። ጨረር የነካው ቀይ ሕዋስ ፖታሲየም ስለሚያፈስ አስቀድሞ ጨረር አድርጎ ማከማቸት አይመከርም፤ ደሙ ለሚለወጥለት አራስ ጨረር ከተደረገበት በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል።

የመረጃው ክር የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ፍሉዳራቢን የወሰደ ሰው ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እግሩ ተሰብሮ ሌላ ሆስፒታል ይገባል። የአጥንት ሐኪሙ "2 ዩኒት ደም" ብሎ ያዛል። የደም ዓይነቱ ተመሳከረ፣ ክሮስማቹ (የለጋሹና የታካሚው ደም መስማማት ምርመራ) ተሠራ፣ ሁሉም ትክክል ነው። ጨረር የሚለውን ቃል ግን የጻፈ የለም፣ ምክንያቱም የጠየቀ የለም።

ንቅለ ተከላ ባደረገ ሰው ላይ ደግሞ የደም ዓይነቱ ራሱ ይለወጣል። የደም ዓይነቱ ኤ የነበረ ሰው ከኦ ለጋሽ መቅኔ ከተቀበለ የሚሰጠው ቀይ ሕዋስ ኦ፣ ፕላዝማው ደግሞ ኤ ወይም ኤቢ መሆን አለበት። የድንገተኛ ክፍል የድሮውን ካርድ አይቶ ኤ ቀይ ሕዋስ ቢሰጠው፣ አዲሱ መቅኔ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል የተሰጠውን ሕዋስ ሊያፈርሰው ይችላል።

ስቴም ሴሎቹን በተመለከተ ትእዛዙ ተገልብጦ ይነበባል። ለጋሹ ወይም ታካሚው ስቴም ሴሎቹን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣውን ጂ-ሲኤስኤፍ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ለ4 ወይም 5 ቀን ይወጋል፤ ከዚያ ሕዋሱ የደሙን ክፍል ለይቶ በሚወስደው የአፌሬሲስ ማሽን ለሰዓታት ይሰበሰባል። ዝቅተኛው ግብ በታካሚው ክብደት በኪሎ 2 ሚሊዮን ሲዲ34 የሚባለው ምልክት ያለው ስቴም ሴል ነው። እነዚህን ሕዋሳት ጨረር ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም፤ በነጭ ሕዋስ ፊልተርም ማለፍ የለባቸውም። ሁለቱም የተሰበሰበውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋሉ፤ መቅኔውን በከባድ ኬሞቴራፒ ያጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ከረጢት ላይኖረው ይችላል። "ለዚህ ታካሚ የሚሄደው ሁሉ ጨረር ይደረግበት" የሚል ጥቅል ትእዛዝ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ትእዛዙ "ቀይ ሕዋስና ፕሌትሌት" ብሎ መለየት አለበት። በበረዶ የቆየው ከረጢት ታካሚው አልጋ አጠገብ በ37 ዲግሪ ውሃ ይቀልጣል፤ ከቅዝቃዜ የጠበቀው ዲኤምኤስኦ የተባለው ፈሳሽ ሲሞቅ ሕዋሱን ስለሚጎዳ ሳይዘገይ ይሰጣል። ስለዚህ ከመቅለጡ በፊት የደም ሥሩ መስመር መሥራቱ ይረጋገጥ።

ፕላዝማ መለወጥም፣ ማለትም የታካሚውን ፕላዝማ በማሽን አውጥቶ በሌላ መተካት፣ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቲቲፒ በተባለው ሕመም አዳምትስ-13 የሚባለው ኢንዛይም ስለሚጠፋ በትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል። ካልታከመ ከ10 ሰዎች 9ኙን ያህል ይገድላል። የታካሚው ፕላዝማ በኪሎ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2,400 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 እጥፉ ስለሚለወጥ ከ10 እስከ 18 ከረጢት ፕላዝማ ይፈጃል። ደም ባንኩ ይህን የሚሰማው ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል፤ ማቅለጡ ብቻ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ሕመም አልቡሚን (ከፕላዝማ የሚዘጋጅ ፕሮቲን) ብቻውን አይበቃም፣ የጎደለው ኢንዛይም የለውምና። ማሽኑ በሌለበት ታካሚው እስኪዛወር ድረስ ፕላዝማ በደም ሥር መስጠት ጊዜ ይገዛል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ከሌለ ግን ፕሌትሌት አይሰጥም።

አልቡሚን በሚበቃባቸው ሕመሞች፣ ለምሳሌ ነርቭን በሚያጠቃው በጊላን ባሬ፣ የሚረሱት ጥቃቅን ናቸው። ኤናላፕሪልና መሰል የደም ግፊት መድኃኒቶች ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይቁሙ፤ ካልቆሙ ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሪቱክሲማብ ወይም ኢሙኖግሎቡሊን የተባሉት መድኃኒቶች ፕላዝማው ከመለወጡ በፊት ከተሰጡ ማሽኑ መልሶ ያወጣቸዋል፤ ከለውጡ በኋላ ይሰጡ። ከንፈርና ጣት መቆንጠጥ ሲጀምር በማሽኑ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬት ካልሲየምን እንደያዘው ምልክት ነው፤ ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ካልሲየም ይሰጥ።

ከሆስፒታሎች የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በደም ማዘዣው ቅጽ ላይ "ልዩ ዝግጅት" የሚል ቦታ ይኑር፤ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ። ደም ባንኩም በታካሚው መዝገብ ላይ ያስፍረው፣ ቀጣዩ ሐኪም ቢረሳ እንኳ መዝገቡ እንዲያስታውስ። ታካሚው ሲወጣ ይህንኑ የሚገልጽ ካርድ ይያዝ። ታካሚም ሆነ አስታማሚ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት "ከዚህ በፊት ንቅለ ተከላ አድርጓል"፣ "ይህን መድኃኒት ወስዶ ነበር"፣ "ለጋሹ ወንድሙ ነው" ብሎ መናገር አያሳፍረውም። ጋዜጣችሁም የልገሳ ጥሪ ባወጣ ቁጥር እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከጥሪው ግርጌ ቢያትምልን እንለምናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በደምና በሴል ሕክምና አገልግሎት የተሰማራን ባለሙያዎች