ለትሮምቦኒስቱ ወዳጄ

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ጠፋህ ብለህ ወቀሳ እንዳትጀምር፤ አንተም ጠፍተሃል። ትሮምቦንህን አልጋ ስር ከተተው ሲሉ ሰምቼ ነው የምጽፍልህ።

ልመክርህ አይደለም፣ አትቆጣ። ሰሞኑን ጆሮዬን ስለያዘችው ስለ አሜሪካዊቷ የጃዝ ትሮምቦኒስትና አቀናባሪ ስለ ሜልባ ሊስተን ላወራህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠራቸው። በ1926 ካንሳስ ሲቲ ተወለደች። ትሮምቦን የያዘችው በሰባት ዓመቷ ነው። ለዕድሜዋ ረዘም ያለች ብትሆንም የትሮምቦኑ ተንሸራታች ቱቦ ርቆ የሚዘረጋባቸው ስድስተኛውና ሰባተኛው ፖዚሽን ላይ ለመድረስ አንገቷን ወደ ጎን ማዞር ነበረባት። አንተ እንኳ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የጄራልድ ዊልሰን ቢግ ባንድ (ትልቅ የጃዝ ባንድ) ውስጥ ገባች። በ1949 ከዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ጋር ሊጫወቱ ወደ አሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሄዱ። ተመልካች ጠፋ፣ ገንዘብም አለቀ። ተስፋ ቆረጠችና የትምህርት ቢሮ ሥራ ያዘች። ፊልም ላይም ብቅ ትል ነበር። «አሥርቱ ትእዛዛት» ውስጥ አለች አሉ! ስንቴ አይተነዋል፣ መቼ አወቅናት?

በ1956 ትራምፔተኛው ዲዚ ጊለስፒ የአሜሪካ መንግሥት ወደ ውጭ አገር ለሚልከው ባንድ ጠራት። ወንዶቹ አጉረመረሙ፦ ለአንዲት ሴት ትሮምቦኒስት ነው እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ የላከው? ዲዚ ክርክር ውስጥ አልገባም። ያቀናበረችውን ኖታ አስታደላቸው። ሊጫወቱት ሲሉ ተደነቃቀፉ። ከዚያ ወዲያ «ማማ» ሆነች። ታዲያ የወለቀ ቁልፍ መስፋቱና ፀጉር መቁረጡም እሷው ላይ ወደቀ። ይሄ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ከፒያኒስቱ ራንዲ ዌስተን ጋር የሠራችውን «ኡሁሩ አፍሪካ» የተባለ አልበም ስማልኝ፤ የ1960 ነው። በሰባዎቹ ጃማይካ ሄዳ አስተማረች። በ1985 ስትሮክ መታትና መጫወት ቀረ። ማቀናበሩን ግን አልተወችም፣ በኮምፒውተር ቀጠለች። በ1999 እስክታርፍ የዌስተን ሙዚቃ ከእጇ አልወጣም ማለት ይቻላል።

እና አንድ ነገር። እኛ ሰፈር ቅዳሜ ማታ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ሳክስፎንም ትራምፔትም አላቸው፣ ትሮምቦን ነው ያጡት። ስልክህን ሰጥቻቸዋለሁ። የማላውቀው ቁጥር አላነሳም የምትላትን ነገር ለዚህ ሳምንት ተዋት።