ያልተቃጠለ ቤት ሲፈርስ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው ወር በስልክ «ከስራዬ ጎን ለጎን ለከተማው እሳት አደጋ ተጠባባቂ ሆኜ ተመዘገብኩ» ስትይኝ ቁጣዬን መቆጣጠር አቃተኝ። «የሰው አገር እሳት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አልኩሽ። አንቺ እዚሁ ቦስተን ተወልደሽ ያደግሽ ልጅ፣ አገሩ አገርሽ ሆኖ ሳለ። አልመለስሽልኝም፤ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። እኔና እናትሽ ከሃያኒስ ወደብ መርከብ ተሳፍረን አንቺ ወዳለሽበት ናንታኬት ደሴት ልንጠይቅሽ የመጣነውም ያ ዝምታሽ እንቅልፍ ስለነሳን ነው።

ጋርድነር ጎዳና ላይ ያሳየሽን ያቺ ትንሽ የእንጨት ቤት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እ.ኤ.አ. የ1886 ቤት ናት፤ ድሮ በየሰፈሩ ከነበሩት የቀረችው አንዷ እሷ ብቻ ናት አልሽን። ትልቅነቷ ከአንድ መኪና ማቆሚያ አይበልጥም። ሰው በእጁ የሚጎትተው የውሃ ጎማ የተጠቀለለበት ጋሪ ይቀመጥባት ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ ደሴ የነበረው የእድራችን ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ጥሩንባ። ጥሩንባው በሌሊት ከተነፋ አባቴ የማን ቤት እንደሆነ ሳይጠይቅ ጋቢውን አጣፍቶ ይወጣ ነበር።

ቤት ከተመለስኩ በኋላ ማታ ማታ ስለዚያች ከተማ እሳት ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ነገር ገረመኝ። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በእናቱ በኩል የናንታኬት ሰው ነው፤ እናቱ አቢያ ፎልጀር እዚያ ነው የተወለደችው። እሱ በ1736 ፊላደልፊያ ውስጥ 30 ሰው ሰብስቦ የእሳት ማህበር ሲያቋቁም፣ አባሉ ሁሉ የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማሸሻ ከረጢት በራሱ ወጪ ገዝቶ ዝግጁ አድርጎ እንዲያስቀምጥ ደንብ ወጣ። በወር አንድ ምሽት ይሰበሰባሉ። የቀረ ይቀጣል። በቅጣቱ ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ፣ መሰላልና መንጠቆ ይገዛል። እድር ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የናንታኬት ትልቁ እሳት ሐምሌ 13 ቀን 1846 (እ.ኤ.አ.) ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው የተነሳው፣ ዋናው ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ባርኔጣ መሸጫ። ያኔ ከተማዋ ከ9,000 በላይ ሕዝብ ነበራት፤ የዓለም የዓሣ ነባሪ አደን ዋና ከተማ ስትባል የኖረች ናት። ሀብቷ ሁሉ ዘይት ነው። ቤቱ እንጨት፣ ጣሪያው እንጨት፣ ወደቡ ዳር በርሜል በበርሜል ላይ የተደረደረ የዓሣ ነባሪ ዘይት፣ በጋው ደግሞ ደረቅ። ለመብራት የተዘጋጀ ዘይት እሳት ሲያገኝ የሚሆነውን አስቢው። በርሜሎቹ እየፈነዱ ዘይቱ ወደ ባሕሩ ሲፈስ ውሃው ራሱ ላዩ ላይ ነደደ። እሳት ሊያጠፉ ውሃ የሚቀዱበት ባሕር ማለት ነው። እንኳንስ ያየው፣ እኔም ሳነበው ላብ አጠመቀኝ።

ሲነጋ ከከተማዋ ሲሶ የሚያህለው አመድ ሆኗል። ከ250 በላይ ሕንፃ ወደመ፤ ኪሳራው ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ሰው ግን አልሞተም።

አሁን ያናደደኝን ልንገርሽ። በከተማው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ እንደሚለው፣ እሳቱ ገና አንዲት ሱቅ ውስጥ ሳለ ሁለት የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ፓምፖቻቸውን እየጎተቱ ደረሱና «ቀድመን የደረስነው እኛ ነን፣ የምናጠፋው እኛ ነን» ተባባሉ። እነሱ ክብሩ ለማን ይሁን ሲሉ እሳቱ በጣሪያ ተሻገረ። ይሄን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከሞቀ አልጋቸው ያለ ደመወዝ የተነሱ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። እኛም ሰፈር ሁለት እድሮች ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ «ድንኳን የምንተክለው እኛ ነን» ብለው ሬሳው እቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጨቃጨቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ፣ አደራሽን፣ ጎማው ማን እጅ እንደሆነ እንዳትቆጥሪ።

ፓምፑ አልችል ሲል በእሳቱ መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች በባሩድ እያፈረሱ ክፍተት ማበጀት ጀመሩ። ገና ያልተቃጠለ፣ አልጋው የተነጠፈ፣ ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ያለ ቤት። እዚህ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።

ስምንት ዓመቴ ነው። ደሴ፣ የጎረቤታችን ቤት ከምድጃ በተነሳ እሳት ተያያዘ፤ ነፋሱ ወደኛ ነው። በእሱና በቀረው ሰፈር መሃል ያለው ደግሞ የአያትሽ ሳር ክዳን ማድ ቤት ነው። የእድሩ ዳኛ ወደ ላይ አየና «ይፍረስ!» አለ። አያትሽ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ሳይነካው! ገና ሳይነካው!» ትላለች። ሁለት ሴቶች አቅፈው ወሰዷት። የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያሳረፈው ክርስትና ያነሳኝ ሰው ነው። ምሰሶውን በገመድ አስረው ሲስቡት ማድ ቤቱ እንደ ደከመ በሬ ተንበረከከ። ምጣዷ፣ እንስራዋ፣ የእናቷ የነበረው ሞሰብ ከስሩ ቀረ። እሳቱ ያ ፍርስራሽ ጋ ደርሶ ቆመ።

አያትሽ ለሦስት ቀን ያንን ሰው ፊት ነሳችው። ቅዳሜ ጠዋት ግን እሱ ነው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከሁሉ ቀድሞ ጭቃ ሲረግጥ የነበረው። ጭዱን አምጥተው፣ ግድግዳውን አቁመው፣ እስከ ማታ መረጉት። ቡናው ሲፈላ አቦሉን ለሱ ነው የቀዳችለት። እኔ ሲኒውን ያቀበልኩት ልጅ ነኝ። ሲቀበለኝ እጁ ላይ የደረቀው ጭቃ ሲኒው ላይ ቀርቶ ነበር፤ አላጠበችውም፣ ሁለተኛውንም በዚያው ቀዳችለት።

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። ማሪያ ሚቸል፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የሜቶዲስቱን ቤተ ክርስቲያን በባሩድ ሊያፈርሱ ሲሉ ደረጃው ላይ ቆማ አላስነካም አለች፤ ነፋሱ ዞረና ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ ይባላል። የራሷ ቤተ መጻሕፍት ግን ከነመጽሐፉ ተቃጠለ። ከስድስት ወር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በየካቲት 1847 አዲሱ ተከፈተ። በዚያው ዓመት መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 1 ምሽት፣ በቴሌስኮፕ አዲስ ጅራታም ኮከብ ያገኘችው እሷ ናት። ታሪኳን ሳነብ አያትሽን ነው ያየሁት፣ እጇን ዘርግታ። ነፋሱ ለአንዷ ዞረ፣ ለሌላዋ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ ዋናውን ጎዳና አሰፉት፣ ብዙውን በጡብ ገነቡት። የዓሣ ነባሪ አደኑ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ወርቅ ፍለጋ ካሊፎርኒያ የሄደው ሄደ፣ በ1870 ከተማው ከ4,200 በታች ሰው ቀረው። ያቺ ጋርድነር ጎዳና ላይ ያለችው ቤት የተሰራችው እንግዲህ ሕዝቡ ካለቀ፣ ገንዘቡ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ጋሪውን የሚጎትት ሰው አልጠፋም ማለት ነው።

ስለዚህ ያልኩሽን ቃል አንስቻለሁ። ብቻሽን አትግቢ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ጓደኛ ከጎንሽ ይኑር፤ «ውጡ» ሲባል መጀመሪያ ውጪ። የሰው ቤት ማፍረስ ግድ ሆኖ ካፈረሳችሁ ደግሞ በማግስቱ ሂጂ፣ በሩን አንኳኪ።

በርበሬና ሽሮ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ጓዶችሽንም ቅመሱ በያቸው። ሌሊት ተጠርተሽ በወጣሽ ቁጥር ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን «ተመለስኩ» ብለሽ ለእናትሽ ላኪላት። ስልኳን ትራሷ ስር አድርጋ መተኛት ጀምራለች።

አባትሽ